«ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ እላለሁ፤ እጄ ግን አይለቅም»

ጥያቄ

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ48 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። የምጽፍልዎት ስለ መጀመሪያ ልጄ ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላው በጠና ታሞብኝ ጸበል ይዤው ስሄድ አንድ አባት ‹ይህ ልጅ ይተርፋል፤ ለብዙዎች ፈውስ ይሆናል› አሉኝ። ተረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪም እንደሚሆን አምኜ ነው ያሳደግኩት። ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራው እኅቴ በምትልከው ገንዘብ በግል ትምህርት ቤት አስተማርነው፤ አስጠኚ ቀጠርንለት፤ እኔም ማታ ማታ አጠገቡ እየተቀመጥኩ አስጠናሁት። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመቶ 41 አመጣ። የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ደርሶት ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በሁለተኛው ወር ትቶት መጣ። አሁን 20 ዓመቱ ነው። ሰፈራችን ካለ ብየዳ ቤት ይውላል፤ በርና መስኮት ይሠራል።

እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ዓመት አልፎኛል። ሌሊት ተነሥቼ ስልኩን እፈትሻለሁ፤ ኪሱን እፈትሻለሁ። አንዳንድ ቀን ዓይኑ ደም መስሎ ይገባል፤ ሱስ ጀምሮ ይሆናል ብዬ ልብሱን አሸታለሁ። አንድ ሌሊት ስልኩን ይዤ አገኘኝና ‹እኔ ባልኖር ሁላችሁም ታርፉ ነበር› ብሎኝ ወጣ። ባለቤቴ ‹እግዚአብሔር ያውቃል፤ ተይው› ከማለት በቀር ምንም አይናገርም፤ እሱም ያበሳጨኛል። የንስሐ አባቴ ‹ልጅሽን ለእግዚአብሔር አስረክቢ› አሉኝ። እሺ ብዬ ተንበርክኬ፣ አልቅሼ አስረክባለሁ፤ ከሥዕሉ ፊት ተነሥቼ በሩ ጋ ሳልደርስ ግን መልሼ እወስደዋለሁ። እምነቴ ውሸት ነው ማለት ነው? እንዴት ነው የሚለቀቀው?»

መልስ

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ እምነት ለጠየቁኝ ብዙ የምለው አለኝ፤ ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን በመሀል ጣል አድርገዋት ባለፏት አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ልቁም። «እኔ ባልኖር ሁላችሁም ታርፉ ነበር።» ልጅዎ ይህን ያለው በንዴት ብቻ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም በግምት የሚታለፍ ቃል አይደለም። ዛሬውኑ ሁለታችሁ ብቻ የምትሆኑበትን ሰዓት ፈልገው በቀስታ ይጠይቁት፦ «ያን ሌሊት ያልከው ነገር ከልቤ አልወጣም። ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብዙ ወላጆች ይህን ጥያቄ ይፈሩታል፤ ቃሉን ማንሣት ሐሳቡን የሚያስገባ ይመስላቸዋል። አያስገባም። ብቻውን የተሸከመው ነገር ካለ የሚያወርድበት ቦታ ይሰጠዋል እንጂ። አዎ ካለዎት ወይም መልስ አጥቶ አንገቱን ከደፋ፣ አይቆጡት፤ «ኃጢአት ነው» በማለትም አይጀምሩ። አጠገቡ ይሁኑ፤ ብቻውን አይተዉት፤ ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር ከቤት ያርቁ፤ በዚያው ቀንም ሐኪም ዘንድ ይዘውት ይሂዱ። የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሌሎች ትላልቅ ሆስፒታሎች እዚያው ከተማችሁ ውስጥ አሉ። ጸበሉ ከሕክምናው ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ስለ መልቀቅ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን አይልቀቁ፤ አጥብቀው ይያዙት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። እምነትዎ ውሸት አይደለም። እጅዎ የማይለቅበትን ምክንያት እርስዎ ራስዎ በደብዳቤዎ መጀመሪያ ላይ ጽፈውታል፤ ልብ ያሉት ግን አይመስለኝም። ልጅዎ በሦስት ዓመቱ ከእጅዎ ሊያመልጥ ነበር። በዚያ ሰሞን ትንፋሹን ሲያዳምጡ ማደርዎን ባይጽፉልኝም አውቀዋለሁ፤ እኔም እናት ነኝ። ልጁ ተረፈ። የእርስዎ አእምሮ ግን ከዚያ ሕመም አንድ ትምህርት ይዞ ወጣ፦ ዓይኔን ከነቀልኩ አጣዋለሁ የሚል። ከዚያ ወዲህ 17 ዓመት አልፏል፤ ልጁ ጎልምሷል። በውስጥዎ የቆመው ዘበኛ ግን ተረኛ የመጣለት አይመስለውም፤ ዛሬም በሌሊት ይነሣል። ያኔ ትንፋሽ ያዳምጥ ነበር፤ ዛሬ ስልክ ይፈትሻል።

ስልኩን ሲፈትሹ የሚሰማዎትን ያስተውሉት። ክፉ ነገር ሳያገኙ ሲቀሩ ልብዎ ለጥቂት ደቂቃ ያርፋል። ወጥመዱ ያቺ አጭር ዕረፍት ናት። አእምሮ ዕረፍት ያገኘበትን ድርጊት መልሶ መላልሶ ይፈልጋል። በፈተሹ ቁጥር «ያረፍኩት ስለፈተሽኩ ነው» ብሎ ይመዘግባል፤ በማግስቱ ሌሊት ጭንቀቱ ተመልሶ ሲመጣ ከትናንቱ በርትቶ ይመጣል። ስለዚህ ከሥዕሉ ፊት ተነሥተው በሩ ጋ ሳይደርሱ መልሰው መውሰድዎ አያስገርመኝም። ጉልበትዎ መንበርከክን ለዓመታት ተለማምዷል፤ እጅዎ ግን መልቀቅን አንድም ቀን አልተለማመደም። በጸሎት ሰዓት የሚያስረክቡትን በሌሊት በፍተሻ ይቀበሉታል፤ ሥጋዎ የሚያምነው ደግሞ የሌሊቱን ነው።

ከዚያ የሚከብደው ጥያቄ የሚለቀቀው ምኑ ነው የሚለው ነው። ልጁን ነው? አይደለም። ልጅ አይጣልም። ሊለቁት የሚገባው ለልጁ ጽፈው ያስቀመጡትን ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ። በጸበሉ ቦታ የተነገረዎትን ቃል እኔ አልፈርድበትም፤ ያ ከንስሐ አባትዎ ጋር የምትመክሩበት ነው። የማየው ነገር ቢኖር ቃሉ ላይ የጨመሩበት ብዙ መሆኑን ነው። አባትየው «ፈውስ ይሆናል» አሉ። ነጩን ጋውን፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ የትምህርት ዓይነቱን፣ የሚፈጸምበትን ዓመት የጨመሩት እርስዎ ነዎት። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ተደባልቆ የእግዚአብሔር ቃል ሆነብዎት፤ ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስም ከትምህርት ገበታ ሳይሆን ከእግዚአብሔር ፈቃድ የወጣ መሰለዎት። ጭንቀትዎ እንዲህ የበረታው ለዚህ ይመስለኛል።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከእርስዎ ጋር ተቀምጣ ብታወራ በደንብ የምትግባቡ አንዲት እናት አለች፤ ርብቃ። መንትዮቹ በማኅፀኗ ሲገፋፉ እግዚአብሔርን ጠየቀች፤ ታላቁ ለታናሹ እንደሚገዛም ተነገራት። ቃሉን አመነች፤ አጥብቃ አመነች። ነገር ግን ይስሐቅ አርጅቶ ዔሳውን ሊባርክ መሆኑን በሰማች ጊዜ መጠበቅ አቃታት። ሁለት ጠቦት አስመጣች፤ ወጥ ሠራች፤ የታናሹን እጅና አንገት በጠቦት ቆዳ ሸፈነች። ያዕቆብ ሲፈራ «ልጄ ሆይ፥ መርገምህ በእኔ ላይ ይሁን» አለችው። ይህን የሚል ሰው ፍቅር አልጎደለውም። ከዚያ ዔሳው ሊገድለው ፎከረ፤ እናትም «ጥቂት ቀን» ብላ ልጇን ወደ ወንድሟ ወደ ላባ ሸኘችው። ጥቂቱ ቀን 20 ዓመት ሆነ። ያዕቆብ ሲመለስ አባቱን ይስሐቅን እንዳገኘው ተጽፏል፤ ከእናቱ ጋር ተያዩ የሚል ግን የትም አናነብም። መቀበሯን ብቻ ነው ኋላ የምንሰማው።

ርብቃን ያነሣሁት ላስፈራራዎት አይደለም። እግዚአብሔርን አላመነችም ብዬም አልከሳትም፤ ፍጻሜውን አምና ነበር። ያልለቀቀችው መንገዱን ነው። እንደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይህን ታሪክ ሳነብ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገርመኛል፤ በዚያ ሁሉ ሽርጉድ ውስጥ ያዕቆብ «አባቴ ቢዳስሰኝስ?» ብሎ ከመስጋት በቀር ምን እንደሚፈልግ አልተናገረም። የጠየቀውም የለም። የእርስዎንም ደብዳቤ ለሦስተኛ ጊዜ ያነበብኩት አንድ ነገር እየፈለግኩ ነበር፤ ልጅዎ ምን እንደሚፈልግ የሚናገር አንድ መስመር። አላገኘሁም። ያመጣውን ውጤት፣ ስልኩን፣ ኪሱን፣ የልብሱን ሽታ ሁሉ ነግረውኛል። ከዩኒቨርሲቲ ለምን እንደተመለሰ ግን አልጻፉም። ጠይቀውት ያውቃሉ? «ምን አጉድለንብህ ትተኸው መጣህ?» የሚለው ጥያቄ አይቆጠርም።

ስለ ውጤቱ አንድ ነገር ልበል፤ ቤታችሁ ውስጥ ከሚገባው በላይ ገዝፏል። ልጅዎ በተፈተነበት ዓመት ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ 3.3 በመቶ ነበር። ይህ የአንድ ልጅ ስንፍና ታሪክ አይደለም፤ የእናት ጸሎት አለመሰማት ታሪክም አይደለም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች በአንድ ቀን ተመሳሳይ ዜና ሰምተዋል፤ በየቤቱም እናቶች «ምን በድዬ ነው?» ብለዋል። 41 ከመቶ ማለት በዚያ ዓመት ከአብዛኛው የአገሪቱ ተፈታኝ ጋር በአንድ በኩል የቆመ ልጅ ማለት ነው። ይህን ለእሱም ይንገሩት፤ ከእርስዎ አፍ አልሰማው ይሆናል። እኅትዎ ከጅዳ የላኩትም ገንዘብ ጉዳይ አለ። ልጁ ያንን ገንዘብ እንደ ዕዳ ተሸክሞት እንደሚዞር እገምታለሁ፤ በየብድግ ቁጭቱ «አክስትህ ለአንተ ስትል» የሚል ቃል የሚሰማ ልጅ እንዲያ ይሆናል። እኅትዎን ራስዎ ደውለው እውነቱን ይንገሯት። የተማረው ትምህርት አልጠፋም፤ ገንዘቡም በከንቱ አልባከነም። ልጁን ግን ከዕዳው ነጻ ያውጡት።

ስለ ባለቤትዎ ልመለስ። «ተይው፤ እግዚአብሔር ያውቃል» ማለታቸው ያበሳጨዎታል፤ እኔም ገባኝ። እርስዎ ብቻዎን በሚሮጡበት ቤት እንዲህ የሚል ሰው ሸክሙን የተካፈለ አይመስልም። ኬኔት ፓርጋመንት የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1988 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጥናት አማኞች ችግር ሲገጥማቸው የሚይዟቸውን ሦስት መንገዶች ለይተዋል። አንዱ «እግዚአብሔር አእምሮ ሰጥቶኛል፤ የተቀረው የእኔ ነው» ብሎ ሁሉን በራስ መወጣት ነው። ሁለተኛው ምንም ሳያደርጉ መፍትሔውን ከላይ መጠበቅ። ሦስተኛው ከእግዚአብሔር ጋር አብሮ መሥራት፤ የራስን ድርሻ እየሠሩ ከእሱ ጋር እየመከሩ መሄድ ነው። ሁሉን ለእግዚአብሔር ትተው የሚቀመጡት ሰዎች በራሳቸው አቅም ላይ ያላቸው እምነት ዝቅ ብሎ፣ አብረው የሚሠሩት ደግሞ ከፍ ብሎ ታየ። ኋላ ላይ፣ በ2000፣ አና ዎንግ-ማክዶናልድ እና ሪቻርድ ጎርሱች የተባሉ ተመራማሪዎች «ራስን ለእግዚአብሔር ማስረከብ» የሚባለው ነገር ከእነዚህ ከሦስቱ ይለያል ብለው አራተኛ መንገድ አድርገው አጠኑት። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስረክብ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ የራሱ ፈቃድና የእግዚአብሔር ፈቃድ ሲለያዩበት የራሱን ትቶ የእግዚአብሔርን ይመርጣል። ምርጫ ነው፤ ሥራ ነው።

እንግዲህ በእናንተ ቤት እርስዎ በአፍዎ አራተኛው ላይ፣ በእጅዎ ግን የመጀመሪያው ላይ ነዎት። ባለቤትዎ ሁለተኛው ላይ ናቸው። አንዳችሁ ሌላውን ትገፋላችሁ፤ እርስዎ በጨነቁ ቁጥር እሳቸው ይለቃሉ፤ እሳቸው በለቀቁ ቁጥር እርስዎ ያጠብቃሉ። ለእሳቸው የምለው ቢደርሳቸው ደስ ይለኛል፦ የተከበሩ ወንድሜ፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ቃልዎ እውነት ነው። ግን ልጅዎ ከአባቱ የሚፈልገው ሌላም ነገር አለ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብየዳ ቤቱ ድረስ ይሂዱ። ቆመው ሥራውን ይዩለት። ከዚያ በላይ ምንም አልጠየቅኩም።

ወደ እርስዎ ስመለስ፣ ከርብቃ ይልቅ እንዲቀርቧት የምመኝልዎት እናት ሐና ናት። የሐና ታሪክ ሲነገር ሁሉም የሚቸኩለው ወደ ሳሙኤል መወለድ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ባለችው ቁጥር ላይ ነው የምዘገየው። ሐና በሴሎ ቤተ መቅደስ አልቅሳ፣ ካህኑ ዔሊ የሰከረች እስኪመስለው ድረስ ጸለየች። ከዚያ ተነሥታ መንገዷን ሄደች፤ በላች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ ያዘነ መስሎ አልታየም። በዚያ ሰዓት ምን ተለውጦ ነበር? ምንም። አልፀነሰችም። ጣውንቷ እዚያው ነበረች። መልሱ ገና ሳይመጣ በላች። መልቀቅ ምን እንደሚመስል ካየኋቸው ሥዕሎች ሁሉ ከዚህች ቁጥር የሚበልጥብኝ የለም። ደግሞም ልጁን ለእግዚአብሔር ከሰጠች በኋላ አልረሳችውም፤ በየዓመቱ ታናሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። በየዓመቱ ቁመቱን ገምታ ማለት ነው። የሰጠችው ልጅ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንዳደገ ታውቃለች፤ መደረቢያውንም የምትሰፋው እሱ ላለበት ቦታ ነው።

«እንዴት ነው የሚለቀቀው?» ብለውኛል፤ ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስለ ልጄ አልጨነቅም» ብለው አይማሉ። ዳንኤል ዌግነር የተባሉ ተመራማሪ በ1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተማሪዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» ብለው ነበር፤ ተማሪዎቹ ሐሳቡን ሊያቆሙት አልቻሉም፤ እንዲያውም ክልከላው ሲነሣላቸው ከመጀመሪያው እንዲያስቡት ከተፈቀደላቸው ተማሪዎች ይልቅ ደጋግመው አሰቡት። በግድ የተባረረ ሐሳብ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ጭንቀቱን አያባርሩት፤ ሰዓት ይስጡት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በአንድ የተወሰነ ቦታ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ፤ መኝታ ቤት ግን አይሁን። ደብተር ይያዙ። የሚያስጨንቅዎትን ሁሉ አንድ በአንድ ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን «ዛሬ እኔ የማደርገው አለ?» ብለው ይጠይቁ። ካለ ይጻፉትና ያድርጉት። ከሌለ ያን መስመር በጸሎት ያንሡት፦ «የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት» ተብሏልና። ሐዋርያው «አትጨነቁ» ብሎ ብቻ አልተወም፤ የሚጣልበትን ቦታ አሳየ። በቀረው ሰዓት ጭንቀቱ ሲመጣ «ከአንተ ጋር 12 ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለን» ይበሉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይሰማዎትም። ሁለት ሦስት ሳምንት ይታገሡት።

ቀጥሎ እጅዎ መልቀቅን ይለማመድ፤ በአንድ ነገር ብቻ። ሁሉንም በአንድ ቀን አይሞክሩት። በስልኩ ይጀምሩ። ስልኩን መፈተሽ ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ ይቁም፤ ለልጁም በቃል ይንገሩት፦ «ስልክህን እፈትሽ ነበር። ልክ አልነበረም። ይቅር በለኝ። ከዚህ በኋላ አልነካውም።» እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ ክብሯ የሚወርድ የሚመስላቸው አሉ፤ በምክር ክፍሌ ውስጥ ያየሁት ግን ልጅ ከዚያች ቀን በኋላ ማውራት ሲጀምር ነው። ሌሊት እጅዎ ወደ ስልኩ ሲሄድ ልብዎ ይመታል፤ ይላብዎታል፤ አንድ ክፉ ነገር አሁኑኑ የሚሆን ይመስልዎታል። ይቀመጡ፤ ውዳሴ ማርያምዎን ይድገሙ፤ ማዕበሉ እስኪያልፍ ይጠብቁ። ያልፋል። አንድ ሌሊት ሳይፈትሹ ባደሩ ቁጥር በውስጥዎ ያለው ዘበኛ «ሳልነሣም ነጋ» የሚለውን ይማራል። ይህን በጸሎት ብቻ ልታስተምሩት አትችሉም፤ እየፈሩ በማደር ነው የሚማረው። ለእኔ «እጄን ለእግዚአብሔር ሰጠሁ» ማለት በሥጋ የሚታየው እዚያ ላይ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ፣ እጅዎ ጉልበትዎ ላይ።

ስለ እንቅልፍ ካነሣን፣ የጌታችንን የዘሩን ምሳሌ ያውቁታል። ሰውየው ዘሩን በምድር ይጥላል፤ ሌሊትና ቀን ይተኛል ይነሣል፤ ዘሩም እንዴት እንደሚያድግ ሳያውቅ ይበቅላል። «ይተኛል» የምትለዋ ቃል እዚያ መኖሯን ሰዎች አያስተውሏትም። የጤፍ አገር ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል ይህ ምሳሌ የሚነካኝ። አባቴ ጤፍ ከመዝራቱ በፊት መሬቱን ደጋግሞ ያርስ ነበር፤ በሬውን፣ ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ የዝናቡን ሁኔታ ሲያሰላስል ይከርማል፤ ሰነፍ አልነበረም። በሐምሌ ያቺን አሸዋ የምታህል ዘር ከበተነ በኋላ ግን ማታ ማታ እየወጣ አፈሩን እየፋቀ «በቅለሻል ወይ?» ሲላት አላየሁትም። ቢያደርገው ኖሮ ትሞትበት ነበር። አረሙን ያርማል፤ ወፉን ይጠብቃል፤ ሌሊት ይተኛል። እርስዎ አርሰዋል እኅቴ። 17 ዓመት አርሰዋል። አፈሩን አይፋቁት።

እንቅልፍ ማጣቱ ዓመት ያለፈው ከሆነ፣ ትከሻና አንገትዎ የሚወጠር፣ ቀን ሐሳብዎ የሚበተን ከሆነ፣ ለራስዎም ባለሙያ ይዩ። ከስድስት ወር በላይ በአብዛኞቹ ቀናት የሚቆይ የማይቆጣጠሩት ጭንቀት ስም ያለው፣ የሚታከም ሕመም ነው። ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ጉድለት እንዳይመስልዎት፤ እምነትና ሕክምና ሁለቱ እግሮችዎ ናቸው።

ምናልባት «ልጄ እንደዚሁ በያጅ ሆኖ እንዲቀር ነው የምትመክሪኝ?» ብለው ሊቆጡኝ ይችላሉ። በያጅ ሆኖ ይቅር፣ ነገ ተመልሶ ይማር፣ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ በዚያው ሙያ ይደግ፣ እኔ አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም። ይህ አለማወቅ ነው ሊለምዱት የሚገባው። «የሰው ልብ መንገዱን ያዘጋጃል፤ እግዚአብሔር ግን አካሄዱን ያቀናለታል» የሚለውን የምሳሌ ቃል ልብ ብለው ካነበቡት፣ እግዚአብሔር የሚያቀናው የሚሄድን ሰው አካሄድ ነው። ልጅዎ ደግሞ እየሄደ ነው። በጠዋት ተነሥቶ ወደ ሥራ የሚሄድ የ20 ዓመት ወጣት አለዎት። ያንን እስካሁን እንደ ውድቀት እንጂ እንደ ጸሎት መልስ ቆጥረውት አያውቁም። ክርስቶስ በጌቴሴማኒ ሲጸልይ ፈቃዱን አልደበቀም፤ ጽዋው እንዲያልፍ መፈለጉን በግልጽ ተናግሯል፤ ከዚያ ነው «የእኔ ፈቃድ አይሁን የአንተ እንጂ» ያለው። እርስዎም ሐኪም እንዲሆን እንደሚፈልጉ ለእግዚአብሔር ይንገሩት፤ አያፍሩ፤ አልቅሰው ይንገሩት። ልጁ ላይ ግን አይጫኑት። ያ ፍላጎት የጸሎትዎ ነው፤ የልጁ ቀንበር አይሁን።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ዓይኑ። ደም መስሎ ይገባል ብለዋል። እርስዎ ሱስ ነው ብለው ልብሱን አሸተቱ። ሱስ ሊሆን አይችልም አልልም፤ ሳያዩ መደምደም አይቻልም። ግን እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ሌላ ነገር ነው። የብየዳ ብርሃን ዓይን ያቃጥላል። ያለ ጭንብል ወይም በማይረባ መነጽር የሚበይድ ሰው ከሰዓታት በኋላ ዓይኑ ይቀላል፤ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል፤ ብርሃን ይጠላል፤ እንባው ይወርዳል። አንዳንድ ጊዜ ሕመሙ የሚጀምረው ማታ ቤት ከገባ በኋላ ስለሆነ ራሱ ልጁ ከምን እንደመጣ ላያውቀው ይችላል። ሲደጋገም ዓይንን ይጎዳል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሲገባ ልብሱን አያሽትቱ፤ «ዓይንህ ቀልቷል፤ ያምሃል? ስትበይድ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን ሰምተው ዝም ይበሉ። ካመመው የዓይን ሐኪም ያሳዩት። ከዚያ እንደ ሐና መደረቢያ፣ ደህና የብየዳ ጭንብልና የቆዳ ጓንት ይግዙለት። ወደ ገበያ ሲሄዱም ብቻዎን አይሂዱ፤ ይዘውት ይሂዱ። የትኛው እንደሚሻል የሚያውቀው እሱ ነው።